ከቋጠሮው በታች

ከዶውሮ ወንዝ በላይ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ከጓሮው ጉድጓድ ዳር፣ ከእርጥቡ አጠገብ፣
አያቴ ዤርቫዚዮ
አንድ እግር ማርሜሎ ተከለ በየካቲት።
ተከለ ልበል እንጂ፣ እሷንስ መች ሽቷት!
ፒር ነበር ያማረው፣
ከማክሰኞ ገበያ ቀምሶት የመጣ ፒር፣
ጭማቂው እስከ ክርን የሚንቆረቆር።

"ፒር በገዛ ሥሩ ሰማይ ነው የሚያምረው፤
ቁመት ሲለካካ ይዘገያል ፍሬው።
ማርሜሎ ግን አጭር፣ ጭቃ የማይከፋት፤
እሷ እግር ትሁነው" ብሎ ቢላ ሳለላት፤
ከጉልበቷ በላይ ያለውን ጣለባት፤
ግንዷን ሰነጠቀ፣ የፒር ዘንግ ሰካባት፣
በሸሚዝ ቁራጭ አስሮ በንብ ሰም ደፈናት።
ቁስሉ ሲሽር ጊዜ
እንደ ክርን ያበጠ ቋጠሮ ቀረባት።

በዚያው ዓመት ነበር እናቴ የሞተች።
አክስቴ ኤርመሊንዳ፣ ሃያ አንድ ዓመቷ፣
ዳሩ የተጠለፈ የሙሽራ አንሶላ ሞልቶ በሣጥኗ፣
ሣጥኑን ቆለፈች፤
እኔን በክንዷ ላይ፣ ወንድሜን በእጇ፣
ወደ ጓዳ ገባች።
የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረች።

ፒሩ አፈራ። ወጣን፣ ተንጠላጠልን፤
ከሥር ማን እንደቆመ አንድ ቀን ሳንጠይቅ
ስንት ዓመት በላን።
በየጸደዩ ግን ከቋጠሮው በታች
ለጋ ቀንበጥ ታወጣለች፤
አያቴ መቀሱን አንስቶ ይመጣል፦
"ይሄ ሌባ ቡቃያ የፒሩን ውኃ ይጠጣል!"
(ውኃው የማን ነበር?)
ይቆርጣል።
እሱ ሲደክም ደግሞ መቀሱ ለኤርመሊንዳ፤
ሳትከራከር ትቆርጣለች፣ ጎንበስ ብላ በማለዳ።

አያቴ ተቀበረ።
ወንድሜ ዳሚያው ሊዮን ሄደ ለግንብ ሥራ፤
እኔም ፖርቶ ወረድኩ፣ ከስፌት መኪና ተራ።
አንድ የኅዳር ሌሊት ነፋስ ተነሣና
ፒሩን ቀነጠሰው ልክ ከቋጠሮው ላይ፤
ስብራቱ ልስልስ፣ የተጠረበ የሚመስል።
አርባ ዓመት ተቃቅፈው እንዳልተዋሃዱ
ገና ያን ጠዋት ታየ።

ፒሩን ፈለጠችው ለምድጃ፤
ጉቶውን ግን ተወች።
በጸደይ ቀንበጡ ብቅ ሲል አይታ
መቀሱን አነሣች፣
ቆየች፣
መልሳ ከሚስማሩ ሰቀለች።
ከወጡት አራት ቀንበጥ አንዱን ለይታ አቃናች፣
በሸምበቆ ደግፋ፣ በአሮጌ ካልሲ አሰረች፤
በበጋ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ባልዲ እየሞላች ታመጣለች።
ጎረቤቷ ዠኖቬቫ ከአጥሩ ማዶ ሆና፦
"በስድሳ ዓመትሽ ዛፍ? ፍሬውን ማን ሊበላ?"
"እኔ" አለች።

በአራተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ሲያበቃ፣
የመንደሩ ፖም ሁሉ አበባውን ጥሎ ሲጨርስ፣
በየቀንበጡ ጫፍ አንድ አንድ ብቻ፣
ነጭ፣ ጠርዙ ሮዝ፣ ለማንም ያልቸኮለ።
አርባ ዓመት በዚያ ጓሮ ይህን አበባ ያየ አልነበረም።

በጥቅምት ፍሬው ብጫ ሆነ፤ ጸጉራም፣ ከባድ፣ ጠማማ።
ዳሚያው ለዕረፍት መጥቶ አንዱን ገመጠና
"ድንጋይ ነው!" ብሎ ተፋ።
ሳቀች ኤርመሊንዳ፤ እንዲያ ስትስቅ ሰምተን አናውቅም፦
"ይቺ ለቸኳይ አትሆንም።"
ጸጉሩን በሽርጧ ጠረገች፣ ከተፈች፣ ከስኳር ጋር ጣደች፤
በእንጨት ማንኪያ ስታማስል፣ እየፈነጠቀ እጇን ሲለበልብ፣
ገርጥቶ የገባው ቀስ በቀስ ሲቀላ፣ እስኪመስል ጡብ፣
"ማርማላታ" ትላለች፣ "ከማርሜሎ የወጣ ስም ነው፤
ብርቱካን ኋላ መጥቶ ነው የወሰደው።"

ሦስቱን ፍሬ ግን አልቀቀለችም።
ያን ሣጥን ከፈተች፣ ከአንሶላው መሐል አኖረች፤
መልሳ አልቆለፈችም።

ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ በሯ ገርበብ ብሏል፤
መዓዛው ኮሪደሩን ሞልቷል፤
ዳሩ የተጠለፈው አንሶላ ተነጥፏል።
አክስቴ ተኝታለች፣
እጆቿን ዘርግታ፣
እንደ ወትሮው በአልጋው ጠርዝ ሳይሆን
መሐል ለመሐል።